የጓሮው ዘበኞች

የመዋዕለ ሕፃናቱ ሥዕል አስተማሪ የእንቁላል ካርቶን ልትወስድ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ፣ ዳይሬክተሯ አትክልተኛውን «አንተ» እያለች ስትናገራቸው ከበሩ ውጪ ሰማች። አትክልተኛው ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ለአስተማሪዋ ደግሞ የሟች ባሏ አባት፣ አማቷ ናቸው። ዳይሬክተሯ በዕድሜ ልጃቸው ብትሆን ነው። «ቅዳሜ ወላጆች ይመጣሉ» ትላለች። «ባለፈው ሳምንት ልጄን ንብ ነደፈብኝ ብሎ አንዱ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ያልሆነውን ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ትረጫለህ። አንድ የሚበር፣ አንድ የሚሳብ ነገር እንዳላይ።» ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ፦ ይሄ ለሰፊ እርሻ የሚረጭ ብርቱ ነገር ነው፤ ከተረጨ በኋላ ሦስት ቀን ሰው አይገባበትም፤ የግድ ከሆነም ልጆቹ በሌሉበት ቀን ቢሆን ይሻላል። «ጆሮህ ነው ወይስ ዕድሜህ? ቅዳሜ ነው እያልኩህ ነው። ካልሆነልህ በሩ ክፍት ነው። እስካሁንም ያቆየሁህ ለምራትህ ብዬ ነው።»

አስተማሪዋ በሩን ልትገፋ እጇን አንስታ ነበር። ገብታ ልትል የምትችለው ነገር አልጠፋትም። ግን የሥራ ውሏ የሚታደሰው በዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ አዳሹም ያቺው ውስጥ ያለችው ሴት ናት። እጇን መለሰች። ካርቶኑንም ሳትወስድ በመጣችበት እግሯ ተመለሰች። ከመተላለፊያው ጫፍ ሳትደርስ ሽማግሌው ቢጫውን መርጫ በጀርባቸው አዝለው ከኋላዋ መጡ። ባዶ እጇን አዩት፣ ወደ መጋዘኑ በር ዞር ብለው አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ።  መንገድ ለቀቀችላቸውና አልፈው ሄዱ። ዝምታ ለሁለቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመጋረጃ በተከፈለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እሷ በአንዱ፣ እሳቸው በሌላው ያድራሉ፤ ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ይመጣሉ፣ ማታ በአንድ አውቶቡስ ይመለሳሉ። «ቁልፉን ይዘሻል?» ይላሉ እሳቸው። «ይዣለሁ» ትላለች እሷ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የምራትነቱ ክር ይበጠስ አይበጠስ ማናቸውም ደፍረው አንስተውት አያውቁም። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀምጠዋል።

የሚያወሩት አንድ ነገር ቢኖር ስለ ጓሮ ነፍሳት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጆቹ ጓሮ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ በጫማቸው እየረጋገጡ ሲያስቸግሯት፣ ማታ ለሽማግሌው በመጋረጃው በኩል ነገረቻቸው። ተነስተው መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ነገሯት፦ ቀይዋ ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ የባቄላውን ውሃ የሚመጥጡትን ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን ተባዮች በቀን እስከ ሃምሳ እንደምትበላ፣ ተርብ የጎመኑን ትል ለቅማ ለልጆቿ እንደምትወስድ፣ ያለ ንብ ዱባ አበባ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር፣ የመሬት ትል ያለ ደመወዝ የሚያርስ ገበሬ እንደሆነ። «ጓሮ ዘበኛ አለው» አሏት። «እኔ እኮ በር ከፋች ነኝ እንጂ ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።» በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። ትምህርቱ ከዚያ ወጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዘበኛ አከፋፈለች፤ ልጁ ዘበኛውን በጓሮው ይፈልጋል፣ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ገብቶ ይሠራዋል። ጥንዚዛው ከእንቁላል ካርቶን፣ ንቧ ከቆርኪ፣ የመሬት ትሉ ከአሮጌ ካልሲ። በሁለተኛው ሳምንት መርገጥ ቀረ። እንዲያውም አንዱ ልጅ አባቱ ሸረሪት ስለገደለ ሁለት ቀን እንዳኮረፈው እናቱ ስቃ ነግራታለች።

የሥዕል ክፍሉ ድሮ የመኪና ጋራዥ የነበረ ነው። ወለሉ ላይ የዘይት ጠባሳ አለበት፤ ያለው አንድ መስኮት ግን ሰፊ ነው፣ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። ያን ዕለት ጠዋት ሃያ ሦስቱም ልጆች መጥተዋል። አስተማሪዋ ዛሬ ውጪ አይወጣም፣ እዚሁ ቀለም እንቀባለን አለቻቸው። ከሁሉም ቀድማ «ለምን?» ያለችው ያቺው የለመደባት ልጅ ነች። አምስት ዓመቷ ነው። ስሟ ሌላ ቢሆንም ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም ሰው «ለምን» ብሎ ይጠራታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሳምንቱን ሙሉ ሳል ይዟት እናቷ በአንገቷ ላይ ወፍራም ሹራብ ጠምጥማላታለች። የሷ ዘበኛ ቀይዋ ጥንዚዛ ናት። በካርቶኗ ጥንዚዛ ጀርባ ላይ አውራ ጣቷን ቀለም እየነከረች ስድስት ነጠብጣብ አደረገችላት፤ ሰባተኛዋ የት አለች ስትባል «ሆዷ ላይ ደብቃታለች፣ እንዳይሰርቋት» አለች። ክፍሉ ሳቀ፣ አስተማሪዋም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ሽማግሌው አፋቸውን በአንገት ልብስ አስረው፣ መርጫውን አዝለው በባቄላው መደብ ጫፍ ብቅ አሉ። ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ቅጠሎቹ ላይ ይወርዳል። አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ዐይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። የገዛ ዘበኞቹን እንደሚያባርር ሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አላዞሩም።

«ቲቸር፣ አባባ ምን እያጠጡ ነው?» አለች «ለምን»።

«መድኃኒት ነው» አለቻት።

ሁሉም ሰው የሚለው እንደዚያው ነው፤ ሻጩም፣ ገበሬውም፣ ዳይሬክተሯም። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ቃሉ ለአምስት ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የገባት።

«ጥንዚዛዎቹ ታመዋል እንዴ?»

ቃሏን መመለስ ትችል ነበር። ግን መርዝ ነው ካለች ቀጥሎ «ለምን?» ይመጣል፤ የዚያ ጥያቄ መልስ ደግሞ ዳይሬክተሯ ናት፤ ሃያ ሦስት ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ሃያ ሦስት ዓይነት ወሬ ያወራል። «ትንሽ አሟቸዋል» አለችና ማጣበቂያውን አነሳች። ልጅቷ አሳልታ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ጥቂት ቆየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አስተማሪዋ የመውጫውን በር ቀረቀረች። በዕረፍት ሰዓትም ልጆቹን እዚያው አሳለፈቻቸው። ሽንት ቤቱ ግን ከጓሮው ማዶ ነው፤ ሽንቴ መጣ የሚልን ልጅ አትሂድ ማለት አይቻልም። ረዳቷ ሁለት ሁለቱን እያደረገች በግንቡ ጥግ ወሰደቻቸው፣ መለሰቻቸው። ትንሿ «ለምን» ከየትኛው ዙር ጋር ወጥታ በየትኛው ዙር ሳትመለስ እንደቀረች ረዳቷም አላወቀችም። አስተማሪዋ የአንዱን ልጅ ፀጉር ከማጣበቂያ ስታላቅቅ ነበር። ስንት ደቂቃ አለፈ ብለው በኋላ ብዙ ሰዎች ጠየቋት። አታውቅም።

ፈልጋ ስትወጣ ያገኘቻት በባቄላው መደብ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነው። ሽርጧን ጭኗ ላይ ዘርግታ የረገፉትን ቀያይ ጥንዚዛዎች አንድ በአንድ ለቅማ ደርድራቸዋለች። «ቀስ ቲቸር፣ ተኝተዋል» አለች ድምፅዋን አጥፍታ። «መድኃኒታቸውን ወስደው ነው። እኔም ቀመስኩ፣ ሳሌ እንዲተወኝ።» ከፊቷ ያለው ቅጠል ግማሹ በነጭ ጠብታ እንደተሸፈነ ነው፤ ግማሹ በምላስ ተልሶ አረንጓዴ ወጥቷል። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። «ይመራል» አለች ልጅቷ ፊቷን አጨፍግጋ፣ «ግን መድኃኒት ይመራል አይደል?»

አስተማሪዋ ምን ብላ እንደጮኸች አታስታውስም። አፏን በቧንቧ ውሃ ስታጥባት ሽማግሌው መርጫውን የትም ወርውረው ደረሱ። «ስንት ቅጠል?» አሉ፣ ሌላ አልጠየቁም። የልጅቷ አፍ በልጋግ መሞላት ጀምሮ ነበር፤ የዐይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ጠቧል። ዳይሬክተሯ የጫማዋ ድምፅ ቀድሟት መጣች። «ወደ ቢሮ አስገቧት፣ ወላጅ እንዳያይ፣ ወተት እንስጣት» ትላለች። ሽማግሌው ልጅቷን ትከሻቸው ላይ አድርገው የመርዙን ትራፊ የያዘውን ጠርሙስ ከመሬት አነሱና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ጠርሙሱን እዚያው ተወው!» አለች ዳይሬክተሯ። «ሐኪሙ ምን እንደጠጣች ሳያውቅ ምን ያደርጋል?» ብለው በሩን በእግራቸው ገፍተው ወጡ። አስተማሪዋም ልትከተል ስትል ዳይሬክተሯ ክንዷን ያዘች። «ሃያ ሁለት ልጅ ጥለሽ የት ነው? ሌላው ደግሞ ይጨመር?» እውነት ነበር፤ ሃያ ሁለት ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። ቀረች።

ሃያ ሁለት ጥንድ እጅ በሳሙና አጠበች። ከዚያ ደግማ አጠበች። ልጆቹ «ለምን የት ሄደች?» ሲሏት ሐኪም ቤት አለቻቸው፤ አንዱ «መድኃኒት ልትወስድ?» ሲላት ሳሙናውን ዳግመኛ አነሳች። የደረቁትን ቀለም ቅብ ነፍሳት በመደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ቀትር ላይ ዳይሬክተሯ አስጠራቻት። ጠረጴዛዋ ላይ የተተየበ ወረቀት አለ። አትክልተኛው ከአስተዳደሩ ዕውቅና ውጪ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ኃይለኛ ፀረ ተባይ በትምህርት ሰዓት መርጨቱን ይመሰክራል። ጥበቃው ፈርሟል፣ ረዳቷም ፈርማለች። ዳይሬክተሯ ዐይኗ ቀልቷል፤ ስታለቅስ እንደነበር ያስታውቃል። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለች። «ይሄን ቦታ ከአንድ ክፍል ጀምሬ ነው እዚህ ያደረስኩት። ከተዘጋ ሠላሳ ሰው ነው ሥራ የሚያጣው፣ አንቺም አለሽበት። እሱ ሽማግሌ ነው፣ ምንም አያደርጉትም። መክረው ይለቁታል።»

«ልጅቷ እንዴት ሆነች?»

«አልሞተችም» አለችና እስክሪብቶውን ገፋችላት።

አስተማሪዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ላንብበው ብላ ወጣች። የመጨረሻውን ልጅ ለእናቱ አስረክባ ሆስፒታል ስትደርስ ፀሐይ ገና አልቀዘቀዘችም። በድንገተኛው ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ የ«ለምን» እናት ብቻዋን ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋ ላይ ተጠርታ እንደመጣች ሜትሩ ከአንገቷ አልወረደም፣ የደረቷ ኪስ ላይ መርፌዎች እንደተሰኩ ናቸው። ልጅቷ ከመስታወቱ ማዶ ናት፤ አፏና አፍንጫዋ በቱቦ ተሸፍኖ ፀጉሯ ብቻ ይታያል። «ትተርፋለች አለኝ ሐኪሙ» አለች እናትየዋ ሳትጠየቅ። «ጠርሙሱ ባይመጣ ኖሮ ብሎ ዝም አለ። ደረቷ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን ግን አላውቅም አለኝ።» ከዚያ አስተማሪዋን ቀና ብላ አየቻት። «ይዘዋት የመጡት ሽማግሌው ናቸው። ከዚሁ ከበሩ ላይ ፖሊስ ወሰዳቸው። መርዙን የረጩትም እሳቸው ናቸው ይላሉ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ልመርቃቸው ወይስ ልርገማቸው?»

አስተማሪዋ ጠዋት ከበሩ ውጪ ዝም ብላ ነበር፤ ቀትርም ቢሮ ውስጥ ዝም ብላ ነበር። አሁን ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠችና ነገረቻት። መጋዘኑን፣ ዳይሬክተሯን፣ እጇን አንስታ መመለሷን። «መድኃኒት ነው ያልኳትም እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ጥንዚዛዎቹ ታመዋል ወይ ስትለኝ፣ አዎ አልኳት። ሳል እንዳለባት አውቃለሁ።» ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ትጠመጥመው፣ ትፈታው ጀመር። አንድ ነርስ በመካከላቸው አለፈች፣ ተመልሳም አለፈች። «ማታ ማታ ስለ አንቺ ነው የምታወራኝ» አለች እናትየዋ። «ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲህ አለች። ትንኝ እንኳ አታስገድለኝም።» ሜትሩን ፈታችው። «አሁን ሂጂልኝ። እሷን ይዤ እስክወጣ እዚህ እንዳላይሽ።»

ፖሊስ ጣቢያው ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል። ተረኛው ፖሊስ ገና ወጣት ነው፤ ትልቅ መዝገብ ላይ አጎንብሶ በቀስታ ይጽፋል። ሽማግሌው ከባንኮኒው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ከትከሻው እስከ እጅጌው ነጭ በነጭ ሆኖ ደርቋል፤ ዐይናቸው ያለማቋረጥ ያነባል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀኑን ሙሉ ያን ሲተነፍሱ የዋሉ ሰው መሆናቸው ለማንም ትዝ አላለውም። ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ቃል ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለች ለፖሊሱ። «የረጩት ታዘው ነው። ሲታዘዙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ወጣቱ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠ። «እህቴ፣ ጉዳዩ አልቋል እኮ። ሰውየው ራሳቸው አምነዋል።» ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበላት። «ማንም ሳያዘኝ በራሴ ሐሳብ ረጨሁ። ልጆቹ በመስኮት ሲጠይቁኝም፣ መድኃኒት ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። አስተማሪዋ የምታውቀው ነገር የለም። ይሄው፣ ፈርመዋል።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች። ጠዋት መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር የተነጋገረ አንድም ልጅ የለም። «አባባ፣ ይሄን ለምን አሉ?» አለች።

«ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ነገረችኝ» አሉ ግድግዳውን እያዩ። «ከነገሩ ጦም እደሩ። ሁለታችን ከምንገባ አንዳችን ይበቃል። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

ወጣቱ ፖሊስ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። «ምናቸው ነሽ?»

«ምኔም አይደለችም» አሉ ሽማግሌው ቀድመው። «የልጄ ሚስት ነበረች። ልጄ ሞቷል።»

ይህን ቃል አንድ ቀን ከአፋቸው እንዳትሰማ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራ ኖራለች። አሁን ሰማችው። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጡ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። «ምራታቸው ነኝ» አለች ለፖሊሱ። «የምንኖረው አንድ ቤት ነው። ጻፈው።»

«ዘመድ ከሆንሽ ቃልሽ ብዙ ላይመዝን ይችላል፣ እወቂው። ያልሽውን ካመንሽ ደግሞ አንቺም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ይሄንንም እወቂው።»

«አውቄያለሁ። ጻፍ።»

ሦስት ገጽ ሞላ። ወጣቱ ሲጽፍ ቀስ ይላል፤ አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስደገማት። ዳይሬክተሯ ያዘጋጀችውን ወረቀትም ከቦርሳዋ አውጥታ ሳትፈርምበት ሰጠችው፤ ከመዝገቡ ጋር አያያዘው። ሽማግሌው አንዴ ብቻ፣ እጇን ከበሩ ላይ መለሰች የሚለው ሲነበብ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ ይሁን አይደለም ይሁን አልለየችውም። ፖሊሱ ሐኪም ይያቸው ስትለው ለአለቃው እነግራለሁ አላት። ነገ ጠዋት እንድትመጣ፣ ከከተማ እንዳትወጣ ነገራት። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ «አባት፣ ወደ ውስጥ እንግባ» አለ።

ሽማግሌው ተነሱ። ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፤ ወደ ውጪ ገልብጠው፣ ነጩን ወደ ውስጥ አድርገው አጣጠፉትና በባንኮኒው ላይ ወደ እሷ ገፉት። ከሸሚዛቸው ሥር ትከሻቸው እንዲህ የከሳ መሆኑን አይታ አታውቅም።

«ለብቻው እጠቢው» አሏት። «ከልብስሽ ጋር እንዳትቀላቅዪው። እጅሽን በላስቲክ ጠቅልዪ።»

«እሺ አባባ።»

«ውሃውን ደግሞ ደጅ እንዳትደፊው። የጎረቤት ልጆች ይጫወቱበታል።»

በሩ ተዘጋ። ፖሊሱ አሮጌ ፌስታል ፈልጎ ሰጣት፤ ኮቱን ከተተችበት፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። አውቶቡሱ ውስጥ የመርዙ ሽታ ከፌስታሉ መውጣቱን ያወቀችው አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ተነስታ ሌላ ቦታ ስትቀይር ነው። ፌስታሉን ከጭኗ ላይ አንስታ እግሯ ሥር ልታስቀምጠው ነበር፤ ግን ከፊቷ ያለችው እናት ሕፃን ልጇን ወለሉ ላይ አቁማለች። መልሳ ታቀፈችው። እስከ መውረጃዋ ድረስ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሄደ።